ዝናቡ እስኪያልፍ የያዝኩት ጉርሻ

ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር አፌ ውስጥ የቅቤ ጣዕም ይመጣል። ይህን ለባለቤቴ ብነግረው "አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ከምግብ ጋር ታገናኚያለሽ" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እሱ ያደገው አዲስ አበባ ነው፤ ነቀምቴ ላይ የነሐሴ ዝናብ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። እናንተ የኔ እኩዮች ግን፣ በተለይ የወለጋ ልጆች፣ ታውቃላችሁ። ጨለለቂ ሰፈር የነበረችውን ያቺን አዳራሻችንን የምታስታውሱም አትጠፉም።

አዳራሽ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ግድግዳዋ ኖራ የተቀባ ጭቃ፣ ወለሏ የተጠቀጠቀ አፈር፣ መድረኳ ከጉልበት የማያልፍ የባሕር ዛፍ ጣውላ ነበር። ኮርኒስ የሚባል ነገር ስላልነበራት ቀና ስንል የምናየው ራቁቱን የቀረ ቆርቆሮ ነው። በክረምት ስትገቡ የረጠበ ጋቢ፣ የጭቃ ጫማና የተጠበሰ በቆሎ ሽታ ተደባልቆ ይቀበላችኋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ ንግግር አለ። አንድ ቀን ነርስ ስለ ወባ ትናገራለች፣ ሌላ ቀን ከኡኬ የመጣ ንብ አናቢ ስለ ቀፎው ያወራል። ንግግሩ ሲያልቅ እኛ ልጆቹ ቲያትር እናሳያለን። ብዙው ሰው የሚመጣው ለቲያትሩ እንደነበር አልደብቃችሁም፤ ግን ለንግግሩ ያልደረሰ ቲያትሩንም አያይም፣ በሩ ይዘጋበታል።

በሩን የሚዘጋው ባርሲሳ ዱጋሳ ነበር። ባርሲሳ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው፤ ትልቅ ትንሹ እንደዚያ ነው የሚጠራው። ቲያትሩን የሚጽፈው እሱ፣ የሚያለማምደን እሱ፣ በአማርኛ የተነገረውን ወደ ኦሮምኛ፣ በኦሮምኛ የተነገረውን ወደ አማርኛ የሚመልሰውም እሱ። አንዲት ሕግ ነበረችው። ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ማንም የሚናገረው ስለማይሰማ፣ መድረክ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ባለበት ይደርቃል። እጁ ተነስቶ ከሆነ እንደተነሳ፣ አፉ ተከፍቶ ከሆነ እንደተከፈተ ይቆያል። ዝናቡ ሲያልፍ ካቆምንበት ቃል እንቀጥላለን። ሰዉ ታሪኩ የቆመበትን እንዳይረሳ ነው ይለን ነበር። የፊት ረድፍ ልጆች ደግሞ ሥራቸው ማን እንደተነቃነቀ መጠበቅ ነው። ጓደኛዬ ቦንቱ አንዴ እንስራ እንዳዘለች ዝናብ ይዟት፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንገቷን ማዞር አቅቷት ነበር።

የቦንቱ እናት አዴ ሌንሳ ትባላለች፤ አዴ እንደ እኛ እመት ማለት ነው። ከጉቴ ገጠር መጥታ ከቤታችን ጎን ያለችውን ቤት ከተከራየች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ እሁድ እሁድ መዝሙራቸው ግድግዳውን አልፎ ይሰማናል። የኛ ቤት ደግሞ የመሪጌታ ቤት ነው። አባቴ ጎጃም ተምሮ የመጣ የደብሩ መሪጌታ ነበር፤ ዜማ ያስተምራል፣ ብራና ይፍቃል፣ ይጽፋል። ሰዉ ሁሉ የኔታ ይለዋል።

የኔታ አዳራሿን አይወዳትም። "የመሪጌታ ልጅ ሰው ፊት ቆማ መጫወቻ ልትሆን?" ብሎ ሁለት ጊዜ ከልምምድ አስቀርቶኛል። እኔ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። ከአምስት ወንድሞች በታች ተወልጄ፣ ቤት ውስጥ አፌን ስከፍት "ዝም በይ አንቺ" እየተባልኩ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ስናገር ሰው ዝም ብሎ የሰማኝ እዚያች ጣውላ ላይ ብቻ ነው። ብትቀርብኝ የምሞት ነበር የሚመስለኝ። በመጨረሻ ባርሲሳ ዱጋሳ ቤታችን ድረስ መጣ። "የኔታ፣ ብራና እንዴት እንደሚዘጋጅ ለሰዉ ይንገሩልን። ከዚያ ቲያትሩን አይተው ይፍረዱ። ነውር ካገኙበት ልጅቱን ሁለተኛ አልጠራትም" አለው። አባቴ ጺሙን እየዳሰሰ ብዙ ካሰበ በኋላ እሺ አለ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

ቲያትሩ ከእናቷ ተጣልታ ኡኬ አክስቷ ቤት ስለሸሸች ልጅ ነው። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ትመለሳለች፤ እናትየው አንድም ቃል ሳትናገር አንጮቴ ታጎርሳታለች፤ ልጅቷ ስትውጥ ታርቀዋል ማለት ነው። ልጅቷ እኔ ነኝ፣ እናትየው ቦንቱ። በልምምድ ባዶ ሳህን ነበር የምናንቀሳቅሰው። ሰው ፊት ግን ባርሲሳ ዱጋሳ እውነተኛ ምግብ ይፈልጋል፤ ባዶ እጅ ስናጎራርስ የፊት ረድፎቹ "አየር በላች" እያሉ ያሾፉብናል። አዴ ሌንሳ አንጮቴውን እኔ ሠርቼ አመጣለሁ አለች። የማታውቁት ካላችሁ አንጮቴ እንደ ድንች ከመሬት የሚወጣ ሥር ነው፤ ተቀቅሎና ተልጦ ይበላል፣ ለክብር ሲሆን ደግሞ ቅቤ ይፈስበታል።

ወቅቱ ፍልሰታ ነበር፣ ጾሙ ከገባ አምስተኛ ስድስተኛ ቀኑ። በኛ ቤት በፍልሰታ ቅቤ የሚለው ቃል ራሱ ከሰው አፍ አይወጣም። ስለዚህ "ያለ ቅቤ ይሁንልኝ" ብዬ መናገር እንዳለብኝ ከነጭራሹ አልታሰበኝም። አዴ ሌንሳ በበኩሏ ሳምንቱን ሙሉ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል እንደማንቀምስ እያየች ከንፈሯን ስትመጥልን ሰንብታለች። ቅዳሜ ጠዋት ግን ለእናቴ ወንፊት ልትመልስ ስትገባ ክብ ሠርተን ሽሮ ስንበላ አገኘችን። "ኢጆሌ፣ ዛሬስ በላችሁ" ብላ ደስ ብሏት ወጣች፤ ልጆች ማለቷ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰንበት ስለሆነ በጠዋት እንበላለን፣ የምንበላው ግን የጾም ነው። ይህን ማን ያስረዳት? ዛሬ ጾም የለም ብላ ደመደመች። ከጉቴ የመጣላትን ቅቤ አንጥራ፣ ለየኔታ ክብር ብላ፣ ሳትሰስት አፈሰሰችበት። እኔ ይህን ያወቅሁት የአንጮቴው ጣባ መድረክ ላይ ሲከፈት ነው።

መጀመሪያ የአባቴ ንግግር ነበር። መድረኩ ላይ አልወጣም፤ በነጭ ጋቢው መሬት ላይ ቆሞ ተናገረ። የፍየል ቆዳ እንዴት እንደሚዘፈዘፍ፣ እንዴት እንደሚወጠር፣ እንዴት እንደሚፋቅ። ባርሲሳ ዱጋሳ ከጎኑ ሆኖ ወደ ኦሮምኛ ይመልሳል። ሰዉ ጭጭ አለ፤ ሰልችቷቸው መስሎኝ ከመጋረጃው ጀርባ ጥፍሬን እበላለሁ። ያኔ አዴ ሌንሳ ከመድረኩ ጎን ካለው አግዳሚ እጇን አውጥታ በኦሮምኛ ጠየቀች፤ ፍየሏ ከስታ ከታረደች ቆዳው ሲወጠር አይቀደድም ወይ? አባቴ አስተርጓሚ አልጠበቀም። በዚያ በጎጃም ቅላጼው ኦሮምኛውን እያስኬደ መለሰላትና "ይህን የሚጠይቀኝ ተማሪ አጥቼ ነው ያረጀሁት" አለ። አዳራሹ ሳቀ። አባቴ ሰው ፊት ቆሞ ሲያስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሊቀመጥ ሲል አዴ ሌንሳ "የኔታ፣ ቲያትሩ ሲያልቅ ከአንጮቴው የእርስዎ ድርሻ አለ" አለችው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት።

ቲያትሩ ተጀመረ። ቃሌን አንድም አልሳትኩም። አባቴ ከፊት ረድፍ መሐል፣ ከኔ ሁለት እርምጃ ርቆ ተቀምጧል፤ ፊቱ አልከፋም። አዳራሿ ልትፈቀድልኝ ነው ማለት ጀመርኩ። የመጨረሻው ላይ ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሮ መስኮቶቹ ጨለሙ። ቦንቱ የጣባውን ክዳን አነሳች።

ሽታው ፊቴን መታኝ። ኮረሪማ የገባበት የነጠረ ቅቤ ነው፤ አንጮቴው ቢጫ ሆኖ ያብረቀርቃል። አፌን ብዘጋ ልጅቷ እናቷን እምቢ አለች ማለት ነው፤ ቲያትሩ ይበላሻል፣ አዴ ሌንሳም ምግቧ ሰው ፊት ተመልሶባት ታፍራለች። ብከፍት ደግሞ የየኔታ ልጅ በፍልሰታ ቅቤ ልትበላ ነው፣ ያውም የኔታ እያየ። ይህን ሁሉ ሳስብ አፌ በልምምድ ብዛት ራሱ ተከፍቷል። ቦንቱ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ቅቤው በጣቶቿ መሐል ሾልኮ ወደ ክንዷ ወረደ። እኔም ለመዋጥም ለመትፋትም ሳልወስን ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው።

ጠብ ጠብ ብሎ አልጀመረም፤ የነሐሴ ዝናብ ነው፣ አንዴ ነው የተዘረገፈው። ባርሲሳ ዱጋሳ ከጥጉ እጁን አነሳ፤ ደረቅን። የቦንቱ እጅ ከፊቴ አንድ ስንዝር ርቆ እንደተዘረጋ፣ የኔ ጉንጭ እንደተነፋ። ማኘክ አይቻልም። መትፋት አይቻልም። መዋጥ ደግሞ አልፈልግም። ቅቤው ግን የባርሲሳ ዱጋሳን ሕግ አያውቅም፤ ምላሴ ላይ እየቀለጠ በጎንና በጎን ቁልቁል መውረድ ይፈልጋል። ጉሮሮዬን በምላሴ ሥር ዘግቼ በአፍንጫዬ ብቻ እተነፍሳለሁ። ቤት ግድግዳው ላይ ነጭ ቀሚስ ተሰቅሎልኛል፤ በፍልሰታው መጨረሻ ልቆርብበት እናቴ ያሰፋችው። "እመቤቴ፣ ገና አልዋጥኩም፣ ያዥልኝ" እላታለሁ በልቤ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉት የደብራችን የማኅበር ሴቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ሲያደርጉ አየሁ። ሸቷቸዋል አልኩ።

ቦንቱ ዓይኗን አፍጥጣ ምን ሆንሽ ትለኛለች። ምኑን ልንገራት? ዝናቡ እየባሰበት ሄደ። ከፊት ረድፍ አንዱ ልጅ ጣቱን አፌ ላይ ቀስሮ ስነቃነቅ ሊይዘኝ ይጠብቃል።

ከሁሉ የባሰብኝ አባቴ ነው። ዓይኑ መጀመሪያ የቦንቱ ክንድ ላይ ነበር፤ ቅቤውን ተከትሎ እስከ ክርኗ ወረደ። ከዚያ ወደ ጉንጬ መጣ። ግንባሩ ተቋጠረ። አለቀልኝ አልኩ። አሁን ተነስቶ በጆሮዬ ይዞ ያወጣኛል፣ አዳራሿም በዚህ ተዘጋችብኝ። አባቴ ግን አልተነሳም። አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ ጎን አግዳሚው አዞረ። አዴ ሌንሳ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ምግቧ አፌ ውስጥ መግባቱን እያየች ፊቷ በርቶ ተቀምጣለች። ትንሽ አያት። ወደኔ ሲመለስ ግንባሩ ተፈትቷል። በዚያ ጩኸት ውስጥ ድምፁ ሊሰማ አይችልም፤ ከንፈሩ ግን ተንቀሳቀሰ። "ዋጪ።" ያልገባኝ መስሎት ጣቱን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ወደ ታች አወረደው። "ዋጪ፣ ልጄ።"

ዋጥኩ። ልጆቹ "ተነቃነቀች" ብለው ሊጮኹብኝ አፋቸው ሲከፈት አየሁ፤ ዝናቡ ጩኸታቸውን በላው። እንባዬ መውረድ የጀመረው ያኔ ነው። ዝናቡ ሲያባራ "እማ፣ መጣሁልሽ" የሚለውን የመጨረሻ ቃሌን ያልኩት እየተንሰቀሰቅሁ ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ባርሲሳ ዱጋሳ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ለአዳዲስ ልጆች "እንደሷ አልቅሱ" እያለ ያስተምርብኝ ነበር። እውነቱን አንድም ቀን አልነገርኩትም።

ነገሩ ግን ገና አላለቀም። የአባቴ ድርሻ አለ። ሰዉ ሲበተን አባቴ ከወንበሩ ሳይነሳ ጋቢውን ደጋግሞ ያስተካክላል። የማኅበሩ ሴቶች ሊሳለሙት በዙሪያው ቆመዋል። እኔን ዋጪ ያለ ሰው አሁን ራሱ ምን ሊያደርግ ነው? የደብሩ መሪጌታ በፍልሰታ፣ እነሱ ፊት ቅቤ ሊጎርስ ነው? ወይስ ያን የመሰለ የአዴ ሌንሳን ፊት ሊያስከፋ? ዞር ብለን ብናይ አዴ ሌንሳ የለችም። ጣባዋን ከድና በጎን በር ሄዳለች። ቦንቱም "ራሷን አሟት መሰለኝ" አለች። አባቴ በረጅሙ ተነፈሰ። "ረስታው ነው፤ ተመስገን" አለኝ በጆሮዬ።

ጭቃውን እየመረጥን ወደ ቤት ሄድን። እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ። በራችን ላይ ስንደርስ ቆም አለ። "ለእመቤቴ እኔ እነግርልሻለሁ። የነፍስ አባትሽም ይሰማሉ። አዴ ሌንሳ ግን ይህን ነገር እንዳታውቅ፤ ለእናትሽም፣ ለቦንቱም ቢሆን አትናገሪ" አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሊገባ ካለ በኋላ መለስ ብሎ "የሚቀጥለው ልምምድ መቼ ነው?" ሲለኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ዛሬም መናገር አልችልበትም። "ምግብ ያለበት ቲያትር ከሆነ ግን አስቀድመሽ ንገሪኝ" ብሎ ገባ።

የነፍስ አባታችን ስግደት አዘዙልኝ፤ አባቴ ምንም ሳይኖርበት ከጎኔ ሆኖ እኩል ሰገደ። ቁርባኑ ግን ለዓመቱ ተላለፈ። እኩዮቼ በነጭ በነጭ ሆነው ሲሄዱ እናቴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ፤ እንደዚያን ቀን አልቅሼ አላውቅም። በዓመቱ ቀሚሱ ስላጠረኝ እናቴ ከታች ሌላ ጨርቅ ቀጠለችበት።

አዴ ሌንሳ ከዚያም በኋላ አንጮቴ መላኳን አልተወችም። የሚገርመው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ቤታችን የገባ አንጮቴዋ ቅቤ ነክቶት አያውቅም፤ በፋሲካ ማግስት እንኳ ደረቁን በሚያቃጥል ቆጭቆጫ ነበር የምትልከው። እናቴ "ምነው ይህቺ ሴት እጇ ደረቀ" እያለች ታማት ነበር። እኔና አባቴ ተያይተን ዝም እንላለን፤ ለምን እንደሆነ እኛም አናውቅም ነበር።

አባቴ ያረፈ ጊዜ ለለቅሶ ነቀምቴ ሄድኩ። አዴ ሌንሳ አርጅታ፣ ምርኩዝ ይዛ፣ በቦንቱ ተደግፋ ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠች። ብዙ ካለቀሰች በኋላ እጄን ያዘችኝ። "ኢንተላ ኮ" አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። "ያን ቀን የኔታ ዋጪ ሲሉሽ አይቻለሁ።"

ደነገጥኩ።

"መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ከዚያ አንቺን። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጅቷን አስገደፍኳት አልኩ። ጣባዬን ይዤ በጎን በር የወጣሁት እሳቸውንም እንዳላስገድፍ ነው።"

"አዴ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉ?"

"እሳቸው እኔ እንዳላውቅ ያን ያህል ደክመው፣ እኔ እንዴት አውቄያለሁ እላለሁ?"

ስለ ቅቤውም ጠየቅኋት። በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች። "የናንተን ጾም ቆጥሬ አልዘልቀውም። ከሁሉም ብተወው ይሻላል አልኩ" አለችኝ። አባቴ ሲቀበር ያላለቀስኩትን ያኔ ጭኗ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ባለፈው ክረምት ልጄን ይዤ ወደዚያች አዳራሽ ሄድኩ። ዛሬ በብሎኬት ተሠርታለች፣ ወለሏ ሴራሚክ ነው፣ ማይክ አላት፣ ከሁሉም በላይ ኮርኒስ ገብቶላታል። አንዲት ሐኪም ስለ ስኳር በሽታ ተናገረች፣ ከዚያ ልጆች ቲያትር አሳዩ። ዝናብ መምጣቱን ያወቅሁት በበሩ የገቡት ሰዎች ረጥበው ሳይ ነው። መድረክ ላይ ያሉት አንድም ቃል ሳያቋርጡ ቀጠሉ። መልካም ነው፤ የማንም ልጅ አንገት አይጣመምም። እኔ ግን ያ ዝናብ ባያደርቀን ኖሮ አባቴ የአዴ ሌንሳን ፊት፣ አዴ ሌንሳም የአባቴን ከንፈር የሚያዩበት ጊዜ ከየት ይመጣ ነበር እያልኩ፣ ቲያትሩን በወጉ ሳላየው አለቀ።

ከጎኔ የተቀመጠችው ቦንቱ ነበረች። ከቦርሳዋ ትንሽ ሳህን አውጥታ ክዳኑን ከፈተችና "እናቴ ልካልሽ ነው፤ ያለ ቅቤ ነው" አለችኝ።

"ጾም አይደለም እኮ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችና ጠቅልላ አጎረሰችኝ።